ከኮምቦልቻ መጋዘን እስከ ሕፃኑ አፍ

በሥነ ምግብ ወይም በጤና ተመርቃችሁ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በሰብዓዊ እርዳታ ሥራ ለመሰማራት ላሰባችሁ፣ ወይም ገና ለተቀጠራችሁ ነው የምጽፈው። ክፍል ውስጥ የተማርነው ሕፃን ልጅ በቀን ስንት ካሎሪ እንደሚያስፈልገው ነው። መስክ ላይ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ከወደብ ከተነሳው ምግብ ስንቱ ሕፃኑ አፍ ደረሰ? የቀረውስ የት ቀረ? ቀሪው ሥራ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ይመነጫል።

ኮምቦልቻ የእርዳታ እህል መናኸሪያ የሆነችው በመንገዷ ነው። ከጅቡቲ የተጫነው እህል በሚሌና በባቲ አድርጎ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ደሴ፣ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ወልድያ፣ ወደ ከሚሴ ይበተናል። ከተማዋ 1,850 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ስለሆነች ሞቃት ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ 2,500 ሜትር ላይ ብርድ ይቀበላችኋል። ይህ የአየር ልዩነት ለሥራው ትርጉም አለው። ፕላምፒናት (በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው፣ ከለውዝ የተሠራ የፓኬት ምግብ) ከ30 ዲግሪ በታች ቢቀመጥ እስከ 24 ወር ይቆያል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከጣሪያው ሥር የተደረደረ ካርቶን ግን ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ ዘይቱ ይለያል፣ ጣዕሙ ይቀየራል፣ ልጁም ይተፋዋል። ጤና ጣቢያው «ሕፃናቱ እምቢ አሉ» ብሎ ሪፖርት ሲያደርግ ሕፃናቱን ከመመርመራችሁ በፊት ካርቶኑ የት እንደሰነበተ ጠይቁ።

ስለ ራሽኑ ሂሳብ ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ ሰው ቁጥሩን ያውቀዋል እንጂ አይፈታውም። በአገራችን የተለመደው የእርዳታ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት ደግሞ 4.5 ኪሎ ፋሚክስ (የተመጣጠነ ድብልቅ ዱቄት) ይታሰባል። በቀን ሲካፈል 500 ግራም ስንዴ፣ 50 ግራም ጥራጥሬ፣ 15 ግራም ዘይት ይሆናል። ስንዴው 1,650 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ጥራጥሬው 170፣ ዘይቱ 130 ይሰጣል፤ ድምሩ 1,950 አካባቢ ነው። ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መለኪያ የሚጠይቀው 2,100 ነው፤ ከዚህም 17 በመቶው ከቅባት እንዲሆን ይላል። ስለዚህ ራሽኑ ሙሉ ሆኖ ቢደርስ እንኳ ለሌላ ምንም ለሌለው ተፈናቃይ ትንሽ ይጎድለዋል።

ከቅርጫቱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀረው ዘይት ነው። ወረቀት ላይ 130 ካሎሪ ብቻ የቀነሰ ይመስላል። ነገር ግን የዓመት ልጅ ሆዱ ትንሽ ነው፤ ዘይት የሌለውን ቀጭን ገንፎ ጠግቦ ያድራል እንጂ የሚበቃውን ጉልበት አያገኝም። ዘይት ሳይመጣ እህሉን «ለጊዜው ይሰጥ» የሚል ውሳኔ ሲቀርብላችሁ ይህን ተናገሩ፤ ስብሰባው ላይ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል።

አሁን ወደ ማከፋፈያ ጣቢያው እንሂድ። ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ለአምስት ሰው ቤተሰብ አንድ ተኩል ነው። ስለዚህ ሁለት ባለ አምስት ቤተሰቦችን አጣምሮ ሦስት ጆንያ መስጠት ይቀላል፤ ጆንያ መፍታት በቀነሰ ቁጥር ፍሳሹም ይቀንሳል። ባለ 4 ሊትር የዘይት ጣሳ ደግሞ በ0.45 ኪሎ ሂሳብ ለስምንት ሰው ይበቃል፤ 3.68 ኪሎ ገደማ ይመዝናልና። ችግሩ የሚመጣው የተረፈውን በጣሳ መስፈር ሲጀመር ነው። ጠዋት የተቆለለ ጣሳ ከሰዓት በኋላ ልሙጥ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ የቆሙት ያነሰ ይደርሳቸዋል፤ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ መንደር የመጡት ናቸው። ሚዛን አምጡ። ሚዛን ከሌለ ጣሳውን በእህሉ ዓይነት መዝናችሁ «ይህ ጣሳ በልሙጡ ይህን ያህል ነው» ብላችሁ ሕዝቡ የሚያየው ቦታ ላይ ጻፉ። ስንዴና ማሽላ በአንድ ጣሳ እኩል አይመዝኑም።

ጭነቱ ከመኪና ሲወርድም ከያንዳንዱ መኪና ጥቂት ጆንያ መርጣችሁ መዝኑ። 50 የተጻፈበት 46 ወይም 47 ሆኖ ከተገኘ በዚያው ሰዓት የጭነት ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ ሾፌሩም ይፈርምበት። በነጋታው የሚነገር ጉድለት ሰሚ የለውም። መጋዘን ውስጥ ጆንያው ከመሬት በርብራብ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ አንድ ሜትር ርቆ ይደርደር፤ በክምሮቹ መካከል ሰው የሚያልፍበት መንገድ ይኑር። ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ ይውጣ። ነቀዝ የያዘውን እህል ከጤነኛው ነጥሉ፤ የሻገተውን በቆሎ ወይም ማሽላ ግን «ታጥቦ ይበላል» አትበሉ፤ የሻጋታውን መርዝ ማጠብም መቀቀልም አያጠፋውም።

ከሁሉ በላይ ራሽኑን የሚያሳንሰው ግን ከማከፋፈያው በኋላ ያለው ነው። ወሎ ውስጥ ጎረቤት እየተራበ እህል ይዞ ቤት መዝጋት ነውር ነው። በቀበሌው ዝርዝር የገቡት 100 አባወራ፣ የተቸገሩት 200 ከሆኑ እህሉ በ200 ይካፈላል፤ አንዳንዴ እዚያው ማከፋፈያው ጀርባ፣ በሽማግሌ ፊት። ይህን ሌብነት አድርጎ የሚጽፍ ባለሙያ ሕዝቡን አላወቀውም። ሂሳቡ ግን ሂሳብ ነው፦ 1,950 የነበረው ከ1,000 በታች ይወርዳል። በዚያ ላይ የወፍጮ አለ፤ ገንዘብ የሌላት እናት ከስንዴው ሸጣ ነው የምታስፈጨው። የአህያ ኪራይ አለ። ቆላው ላይ ማሽላ የለመደ ቤተሰብ ስንዴውን ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ገበያ ወስዶ ይለውጣል፤ ለውጡም በኪሳራ ነው። ስለዚህ ከማከፋፈሉ ሁለት ሳምንት በኋላ ቤት ለቤት ሂዱና አራት ነገር ጠይቁ፦ ቤት የገባው ስንት ኪሎ ነው? ስንቱ ተሸጠ? ስንቱ ለሰው ተሰጠ? አሁን ስንት ቀረ? «ለማን ሰጠሽ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ከዝርዝር የምትሰረዝ መስሏት ትደብቃለች። «እህቴ፣ ከዚህ እህል እንግዳም ጎረቤትም ቀምሶ ይሆናል፤ ለእናንተ የቀረው እስከ መቼ ያደርሳችኋል?» ስትሏት ግን እውነቱን ታጫውታችኋለች። የተገኘውን ቁጥር ይዛችሁ ወደ ወረዳው ስትሄዱ ክርክራችሁ ስለ ስርቆት ሳይሆን ዝርዝሩ ስለመስፋቱ ይሁን።

ልኬት ሌላው ትልቁ ጉዳይ ነው። የክንድ መለኪያዋ ሙአክ ቀላል ትመስላለች፤ በብዛት የሚሳሳተው ግን በእሷ ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከባድ፣ ከ11.5 ጀምሮ 12.5 እስካልሞላ መካከለኛ የምግብ እጥረት ነው። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት እኛ አገር የሚሠራበት ወሰን 23 ሴንቲ ሜትር ነው። ግራ ክንድ ላይ ነው የሚለካው። ክርኑን አጥፋችሁ ከትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ክርን ጫፍ ለኩ፤ መሃሉ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ክንዱ ዘና ብሎ ወደ ታች ሲንጠለጠል ምልክቱ ላይ አዙሩት። ቆዳው አይቆንጠጥ፣ በመለኪያውና በቆዳው መካከልም ክፍተት አይኑር። ትንሽ ቢጠብቅ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ 11.6 የነበረው 11.4 ይሆናል። ይህ በክፋት ላይሆን ይችላል። እናት ስትለምን የሚያይ ሰው ጣቱ ሳያውቀው ይጠብቃል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ከመውቀስ ከለካቻቸው አሥሩን አንድ በአንድ አብራችሁ ድገሙ።

እብጠትን ሳታዩ ልኬት ጨርሰናል አትበሉ። በሁለቱም እግር ጀርባ ላይ አውራ ጣታችሁን ለሦስት ሰከንድ ተጭናችሁ አንሱ፤ ጉድጓዱ በሁለቱም ላይ ከቀረ ሙአኩ ስንትም ይሁን ከባድ ነው። እብጠት ያለበት ልጅ ጉንጩ ሞላ ስለሚል እናቱ «ወፈረልኝ» እያለች ወደ ኋላ ልትቆም ትችላለች፤ ከሰልፉ ፈልጋችሁ አምጡት።

ኩታበር፣ ለጋምቦና ደላንታ ደጋ ናቸው። እናቶች ልጁን ሹራብ በሹራብ አልብሰው ያመጣሉ። አንድ ሳምንት በሹራብ፣ በሚቀጥለው ያለ ሹራብ የተመዘነ ልጅ ካርዱ ላይ ከሳ ተብሎ ይጻፋል። ክፍሉን አሙቁና ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሁኔታ መዝኑ፤ ሚዛኑንም በየጠዋቱ ክብደቱ በታወቀ ነገር ፈትሹት። ክንድ ላይ የታሰረ ክታብ ካለ እናቱ ራሷ ወደ ላይ ትግፋው፤ እናንተ አትፍቱ፣ አትቁረጡ። በሕዝብ ፊት ልጅ ማራቆትና ክብደቱን ጮክ ብሎ መጥራት የቡዳ ዓይን ለሚፈሩ እናቶች ከባድ ነው፤ መጋረጃ ሰቅላችሁ ቁጥሩን በጽሑፍ ብቻ ብታስተላልፉ ከልኬት የሚቀረው ልጅ ይቀንሳል።

ዕድሜ የማይታወቅበት ቦታ የአካባቢ ክስተት መቁጠሪያ አዘጋጁ። ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ረመዳን፣ አረፋ፣ የበልግ አዝመራ፣ የመኸር ወቅት በየዓመቱ ይግቡበት። ከሁሉም የሚረዳው በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የገባበት ወቅት ነው፤ «ያኔ እርጉዝ ነበርሽ ወይስ አዝለሽው ሸሸሽ?» ብትሏት የማትመልስ እናት የለችም።

ፕላምፒናቱን በተመለከተ። አንዱ ፓኬት 92 ግራም፣ 500 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ አንዱ ካርቶን 150 ፓኬት ይይዛል። ለዕቅድ ለአንድ ልጅ ሙሉ ሕክምና አንድ ካርቶን ይያዛል። መጠኑ በክብደት ነው፤ በኪሎ በቀን እስከ 200 ካሎሪ ስታስቡ 7 ኪሎ የሆነ ልጅ 1,400 ያስፈልገዋል፣ በሳምንት 20 ፓኬት ማለት ነው። የመመሪያው ሠንጠረዥ ሲሻሻል ቁጥሩ ስለሚለወጥ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ፤ አሮጌና አዲስ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ተለጥፈው ማየት የተለመደ ነው።

ከመስጠት በፊት የምግብ ፍላጎት ፈተናው አይዘለል። ጸጥ ያለ ቦታ፣ የታጠበ እጅ፣ የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ፤ እናቱ በጭኗ አድርጋ በትንሽ በትንሹ ታቅምሰው። 7 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ቢያንስ የፓኬቱን ሲሶ መብላት አለበት። ሰው በዛ ተብሎ ሰልፉ ላይ ሲሞከር ልጁ ይፈራና እምቢ ይላል፤ ወይም እናቱ ራሷ ትውጥለታለች። እምቢ ያለ ልጅ፣ ሙአኩ ከሌላው የተሻለ ቢሆንም፣ ተኝቶ መታከም አለበት።

ለእናቱ የምትነግሯት ጥቂት ይሁን፦ ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት ይቅደም፤ ከቤት ምግብ በፊት ይሰጠው፤ ውሃ ይጠጣበት፤ ከገንፎ ጋር አይቀላቀል፤ ለወንድም ለእህት አይካፈል። የመጨረሻው ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ግን ከባድ ነው። ባዶ ፓኬት እንዲመለስ ማድረግ ይረዳል፤ ግን ከጎረቤት ተሰብስቦም ይመጣል። የሚዋሽ ባዶ ፓኬት ቢኖርም ክብደት አይዋሽም። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ በሳምንቱ የጨመረውን በመነሻ ክብደቱና በቀኑ አካፍላችሁ በ1,000 አባዙ። 6.2 ኪሎ የነበረ በ7 ቀን 6.5 ከሆነ በኪሎ በቀን 7 ግራም ገደማ ጨምሯል፤ ጥሩ ነው። ከ5 በታች ሲሆን ቤቱን ሂዱና እዩ። ታላላቆቹ ከስተው ካያችኋቸው መልሱ እዚያው አለ፤ ቤተሰቡ በእህል እርዳታ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ፣ እናቱን አትቆጡ። መካፈል ከሌለ ወደ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪና ተደጋጋሚ ተቅማጥ ምርመራ እለፉ። እብጠት ይዞ የገባ ልጅ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ክብደት ቢቀንስ ውሃው እየወጣ ነውና አትደንግጡ።

ተኝተው ለሚታከሙት አንድ ነገር ብቻ ላስምርበት። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለው የሕክምና ወተት በ100 ሚሊ 75 ካሎሪ ብቻ የሆነው በዓላማ ነው፤ በኪሎ በቀን 130 ሚሊ፣ በየሦስት ሰዓቱ፣ በቀን ስምንት ጊዜ። ሌሊቱ ሲታለፍ ነው ሕፃናት የሚሞቱት፤ ስኳራቸው ይወርዳል፣ በደሴ ብርድ ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል። የሌሊት ተረኛ ቻርት ላይ የ9 ሰዓቱ ምግብ በትክክል የተሰጠ መሆኑን ማረጋገጥ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል። የተራበ ነው ብሎ ቶሎ ብዙ መመገብና ያለ ምክንያት ግሉኮስ ማንጠልጠል ልብን ያደክማል።

ጾምን ሳትዘነጉ አስተምሩ። ፕላምፒናት የወተት ዱቄት አለበት። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም አንዳንድ ቤት ዕቃው «እንዳይነካካ» ሲባል ለልጅም ወተትና እንቁላል ይቀራል። በረመዳንም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት መጾም ላይ ትጸናለች። ይህን እናንተ ብቻችሁን አትናገሩት፤ ቄሱም ሼሁም ልጅና ሕመምተኛ እንደማይገደድ፣ ነፍሰ ጡርም ማዘግየት እንደሚፈቀድላት ከናንተ ይልቅ ቢናገሩት ይሰማል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሂዱና አነጋግሯቸው።

ደላንታና ዳውንት ላይ ደግሞ ጓያ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በድርቁ ማግስት ብዙ ወጣቶች እግራቸው ሽባ የሆነው ጓያን ለወራት ዋና ምግብ ስላደረጉት ነው። ጓያ ድርቅ ይችላል፣ ርካሽ ነው፤ ጥራጥሬ ከራሽኑ ሲቀር ቤተሰቡ ወደ እሱ ይዞራል። ጥራጥሬው ሲዘገይ የጓያን ዋጋ ገበያ ላይ ተከታተሉ። መብላቱን ማስቆም ካልቻላችሁ በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከእህልና ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን እንደሚቀንስ ንገሯቸው። ጉልበት የሚዝልባቸው፣ እግር የሚከብዳቸው ወጣቶች ካሉ ፈጥናችሁ አሳውቁ።

አቅርቦቱ በሁለት ቧንቧ እንደሚመጣም እወቁ። ለከባድ ታካሚዎች የሚሰጠው በዩኒሴፍ፣ ለመካከለኞቹ የሚሰጠው በዓለም ምግብ ፕሮግራም በኩል ነው። አንዱ ሲቆም ሌላው ይጨናነቃል። በ2017 ሚያዝያ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት የ650 ሺህ እናቶችና ሕፃናትን ሕክምና ለማቆም እንደሚገደድ አስታውቆ ነበር። እንዲህ ሲሆን መካከለኛ የነበረው ልጅ በሳምንታት ወደ ከባዱ ስለሚወርድ የፕላምፒናት ጥያቄያችሁን ቀድማችሁ ከፍ አድርጉ። በዚህ መካከል ከ11.5 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ያሉትን ስም ዝርዝር ለይታችሁ ያዙና በየሁለት ሳምንቱ ለኩ፤ የእህሉንም እርዳታ ለእነሱ ቤት አስቀድሙ።

ስለ ቅጥሩ ጥቂት። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮጀክት ጋር ስለሚያልቅ የስድስት ወር ወይም የዓመት ነው። ኤክሴል፣ ኮቦ (በስልክ መረጃ መሰብሰቢያውን) እና ስማርት የሚባለው የምግብ እጥረት ዳሰሳ ጥናት የሚሠራበትን ኢኤንኤ ሶፍትዌር የሚያውቅ ሰው ቅድሚያ ያገኛል። በስማርት ጥናት የክብደት ለቁመት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (የውጤቶቹ መበታተን) ከ0.8 እስከ 1.2 ካልሆነ፣ ወይም ልኬቶቹ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ከበዙ ቡድኑን ያን ዕለት ማታ አርሙ እንጂ ጥናቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። አፋን ኦሮሞ የምትችሉ ከሆነ ሲቪያችሁ ላይ ፊት ለፊት ጻፉት፤ ከሚሴና ባቲ አጠገባችን ናቸው።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ርክክቡ የቢሮ ዕቃ ብቻ እንዳይሆን። በሕክምና ላይ ያሉትን ልጆች ስም፣ ስንተኛ ሳምንት ላይ እንዳሉ፣ የመጨረሻ ሙአካቸውንና ክብደታቸውን ጽፋችሁ ጤና ጣቢያውና ወረዳው ይፈርሙበት። 12 ልጆች ቢቀሩና በአማካይ አራት ሳምንት ቢያስፈልጋቸው፣ በሳምንት 20 ፓኬት ሂሳብ 960 ፓኬት ነው፤ ወደ 7 ካርቶን። 7ቱ ካርቶን ጤና ጣቢያው ገብቶ ቢን ካርዱ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያው) ላይ ሳይመዘገብ የድርጅቱን መኪና አትመልሱ።